የደርሶ መልስ ጀብዱ

የፈረንጆቹን የወንዶች የኑሮ ዘይቤና የጀብዱ መጽሔት አንድ ጊዜ ገልጦ ያየ ሰው፣ የሚቀጥለው ወር እትም ምን ይዞ እንደሚመጣ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻውም። ሽፋኑ ላይ ሆዱ እንደ ቆርቆሮ የተሸነሸነ ጎልማሳ ቆሟል። ገለጥ ሲያደርጉት በበረዶ ላይ ሦስት ሌሊት ያደረ ሰው ታሪክ ይቀበልዎታል፤ ከእርሱ ቀጥሎ የእጅ ሰዓት፤ ከሰዓቱ ቀጥሎ የውስኪ ዓይነቶች፤ ከውስኪው ቀጥሎ ልብሷን ለመልበስ ጊዜ ያጠራት የምትመስል ቆንጆ፤ ከቆንጆዋ ቀጥሎ ስድስት ዓይነት ቢላዋ፤ ከዚያም አዞ የሞላበትን ወንዝ በታንኳ ያቋረጠ ሌላ ጎልማሳ። መጨረሻው ገጽ ላይ ያንን ወንዝ ለማቋረጥ የሚያስፈልገው ጫማ፣ ከነዋጋው።

ነገሩ ፈገግ ያሰኝ እንደሆነ እንጂ ለሙግት የሚያበቃ አይመስልም። እኔ ግን ልሟገተው ተነስቻለሁ። ይህ መጽሔት ለአንባቢው የሚሸጥለት ሰዓቱንም ቢላዋውንም አይደለም ባይ ነኝ። የሚሸጥለት መከራን ነው፤ ያውም የመመለሻው ዋጋ አስቀድሞ የተከፈለበትን መከራ። መከራው የሚታይበት መድረክ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው አገር ነው። ከእነዚህ መድረኮች አንዱ እኔ ዓመታት ያሳለፍኩበት የመተማ ቆላ ስለሆነ፣ ዝም ብዬ ገጹን ልገልብጥ ብል እጄ እሺ አላለኝም።

መቼም የንግዱ ሥር ኀፍረት ነው። ወንዱን አስቀድሞ ሳያሳፍሩት ምንም ሊሸጡለት አይቻልም። በአሜሪካ ቻርልስ አትላስ የተባለ ጡንቸኛ በየመጽሔቱ ያሳትመው የነበረውን ማስታወቂያ ብዙዎች ያስታውሱታል። 97 ፓውንድ፣ በእኛ ሚዛን 44 ኪሎ ገደማ የሚመዝን አንድ ከሲታ ወጣት ከእጮኛው ጋር በባሕር ዳርቻ ተቀምጦ ሳለ ደንዳና ጎረምሳ መጥቶ አሸዋ ይረጭበታል። ወጣቱ የአትላስን ትምህርት በፖስታ አስልኮ ጡንቻ ያወጣል፤ ተመልሶም ያንን ጎረምሳ ይመታል። ታሪኩ ይኸው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ከግንባር ተመልሰው በፋብሪካና በቢሮ ለተቀመጡ ወንዶች ሌላ ዓይነት መጽሔት መጣ። «ማንስ ላይፍ» የተባለው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1956 ባወጣው ሽፋን ላይ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ የቆመ ሰው ድመት በማታህል አውሬ መንጋ ይነከሳል። እንግዲህ ከዕለታት አንድ ቀን እውነተኛ ጥይት የጮኸበት ሰው አይጥ መሰል አውሬ ሰውን ሲቦጫጭቅ ለማየት ሳንቲም ይከፍል ነበር ማለት ነው! ከዚያ ወዲህ መልኩ ተለዋወጠ። የሆድ ጡንቻ የሚቆጥሩት መጡ፣ በእንግሊዝ ደግሞ ቢራና ሴት የሚቆጥሩት መጡ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ በወረቀት መታተማቸውን አቆሙ። ትምህርታቸው ግን አልቆመም። ዛሬ መጽሔት የሚባል ነገር በእጁ ነክቶ የማያውቅ የገንዳ ውኃ ጎረምሳ ያንኑ ጡንቻ፣ ያንኑ ሰዓት፣ ያንኑ ብቸኛ መንገደኛ በስልኩ መስታወት ላይ ሲያገላብጥ ያመሻል።

ወደ መንገዱ ልመለስ። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን አፍሪካን በመኪና፣ በሞተር ብስክሌት ወይም በብስክሌት ማቋረጥ ከጀብዱ መጽሔቶች ተወዳጅ ርዕሶች አንዱ ነው። ከሱዳን ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው መንገደኛ ለብዙ ዓመታት የሚያልፈው በገላባትና በመተማ መካከል ባለችው ድልድይ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ሁለቱ ተዋንያን ኢዋን ማክግሬገርና ቻርሊ ቦርማን ከስኮትላንድ ጫፍ ተነስተው እስከ ኬፕታውን በሞተር ብስክሌት ሲወርዱ ከሱዳን ወደ አገራችን ተሻግረው ነው የሄዱት። የጋለቡት የቢኤምደብልዩ ሞተር ስሙ ራሱ «አድቬንቸር» ነው። ጀብዱ በፋብሪካ ተሠርቶ፣ ስሙ በጎኑ ተጽፎበት ይሸጣል። በእነዚህ ሰዎች ላይ ክፋት የለኝም፤ ደስ የሚሉ ሰዎች ናቸው። በእንዲህ ዓይነቱ ጽሑፍ ውስጥ መተማ ምን እንደምትመስል ግን እነግራችኋለሁ። መተማ ሙቀት ናት፤ መተማ ማኅተም የሚመታባት ጠባብ ቢሮ ናት፤ መተማ «በመጨረሻ ቀዝቃዛ ቢራ ያገኘንባት» ናት። ሦስት መስመር። ከዚያ ወደ ጎንደር ቤተ መንግሥት።

በእነዚያው ዓመታት፣ በዚያችው ድልድይ ግራና ቀኝ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄድ ሌላ መንገደኛ ነበረ። እርሱ የሚሻገረው በቀን አይደለም፤ በድልድዩ ላይም አይደለም። ሞተሩ ስም የለውም፤ ሞተርም የለውም። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከአዲስ አበባ መጥቶ በደላላ እጅ ከገባ በኋላ ወደ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ወደ ካርቱም፣ ከካርቱም ወደ ሊቢያ በረሃ የሚጫን ልጅ ነው። ሁለቱ መንገደኞች በአንዲት ከተማ አንድ ሌሊት አድረዋል ብንል ስሕተት አይሆንም። በአንዱ ላይ መጽሐፍም ፊልምም ተሠራ። ስለ ሌላው የሰማነው በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይሲስ በሊቢያ ምድር ያረዳቸውን ወገኖቻችንን ቪዲዮ ባወጣ ጊዜ ነው። ከእነርሱ መካከል የአዲስ አበባ የቂርቆስ ሰፈር ልጆች ነበሩ፤ አገር ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠ። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከፈነዳ ወዲህ ደግሞ በዚያችው ድልድይ ከካርቱም የሸሹ ቤተሰቦች ፍራሽና ሕፃን ተሸክመው ወደ እኛ ተሻገሩ፤ በኩመርና በአውላላ ሸራ ሥር ሰፈሩ። ጀብደኞቹ ያን ጊዜ ሌላ መንገድ ፈለጉ። መፈለግ ይችላሉ፤ ልዩነቱም እዚያ ላይ ነው።

ይህ ዓይን ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ለመተማ የመጀመሪያው «የጀብዱ መጽሔት» መጽሐፍ ነበረ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 ከካይሮ ተነስቶ አንድ ዓመት ያህል በአትባራ፣ በሰቲትና በአንገረብ ዳርቻ ዝሆንና ጉማሬ ሲያድን ከረመ፤ በ1862 መተማ ደረሰ። የጻፈው የዓባይ ገባሮችና የሐምራን ዐረብ ባለሰይፍ አዳኞች ታሪክ በ1867 ታትሞ በለንደን በሰፊው ተነበበ። ሐሰት አልናገርም፤ ሰውየው ጽሑፍ ያውቃል። የሐምራን ፈረሰኞች ዝሆኑን እንዴት እንደሚያባብሉት፣ አንዱ ከፊቱ ሲጋልብ ሌላው ከኋላ ከፈረሱ ዘሎ ወርዶ በአንድ ምት የእግሩን ጅማት እንዴት እንደሚበጥሰው ሲተርክ ትንፋሽ ያስይዛል። እኔም ያንን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ታዲያ ያ መጽሐፍ መተማ ገበያ ሲደርስ ምን ያያል? መተማ በዚያ ዘመን በተክሩር ሼኾች እጅ ያለች፣ ለግብፅም ለሐበሻም ግብር የምትከፍል የድንበር ገበያ ነበረች። ቡና፣ ሰም፣ ጥጥ፣ ቆዳ ይሸጥባት ነበር፤ ሰውም ይሸጥባት ነበር። ቤከር በሰሌን ድንኳን ውስጥ የተቀመጡትን ልጃገረዶች ገብቶ ይጎበኛል። ዕድሜያቸውን ይጽፋል፤ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ ሰባት። ቁንጅናቸውን ይጽፋል፤ የቆዳቸውን ቀለም ያደንቃል፤ ዓይናቸውን ከሚዳቋ ዓይን ጋር ያነጻጽራል። ከየት እንደመጡ፣ በምን ዋጋ እንደሚሸጡም ይነግረናል። ሰውየው የባርያ ንግድ ደጋፊ አልነበረም፤ እንዲያውም ከዓመታት በኋላ በግብፁ ኸዲቭ ትእዛዝ ያንኑ ንግድ ለማጥፋት ጦር መርቶ ወደ ላይኛው ዓባይ ዘምቷል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚደንቀው ግን በዚያ ጉዞ ሁሉ ከጎኑ ያልተለየችው ፍሎረንስ ራሷ ከኦቶማን ግዛት፣ ከቪዲን የባርያ ገበያ የወጣች ሴት መሆኗ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ይህ አንድም ቃል አልተነገረበትም። ያቺ ሴት በመተማዋ ድንኳን ደጃፍ ስታልፍ ምን አስባ ይሆን? ጀብዱ የሚባለው የጽሑፍ ዓይነት ይህን ጥያቄ የሚያኖርበት ኪስ የለውም። ጀግናው ማየት፣ ማድነቅ፣ ማዘን፣ ከዚያም ግመሉን ጭኖ መሄድ አለበት። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ በድንኳኑ ውስጥ ቀረች። አንባቢው ገጹን ገለበጠ፤ በሚቀጥለው ምዕራፍ ሌላ አውሬ አለ።

አሁን እስቲ ዛሬ የማንኛውንም የወንዶች መጽሔት ቅደም ተከተል አስቡት፦ አውሬ፣ ቆንጆ፣ መሣሪያ፣ አውሬ። የተለወጠው ፎቶግራፉ ነው።

ፍርድ እንዳላጓድል አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ መጽሔቶች አልፎ አልፎ ትልቅ ጽሑፍ አትመዋል። እ.ኤ.አ. በ1933 የተመሠረተው «ኤስኳየር» ከመጀመሪያ እትሙ ጀምሮ ሄሚንግዌይን ያስጽፍ ነበር። ሄሚንግዌይ በጥር 1934 ታንጋኒካ ላይ ሲያድን በአሜባ ተቅማጥ ወደቀ፤ ትንሽ አውሮፕላን መጥታ ወደ ናይሮቢ አደረሰችው። እርሱም ይህንኑ በሽታውን ለመጽሔቱ ጻፈው፤ ተቅማጡም ገንዘብ አመጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1936 እትም፣ በዚያው መጽሔት «የኪሊማንጃሮ በረዶዎች» የተሰኘ አጭር ልቦለዱ ወጣ። በእርሱ ውስጥ አዳኙ ሰውዬ የሚሞተው በአንበሳ አይደለም። ጉልበቱን እሾህ ጫረው፤ አዮዲን ሳይቀባው ቀረ፤ እግሩ በሰበሰ። ሊወስደው ይመጣ የነበረውን አውሮፕላን የተሳፈረው በሕልሙ ብቻ ነው። እንግዲህ መጽሔቱ ካተማቸው ታሪኮች ሁሉ ስሙ የቀረለት፣ መጽሔቱ የሚሸጠውን ነገር ከሥሩ የሚያፈርስ ታሪክ ነው። ደራሲው አውሮፕላኑን አንስቶ ጀብዱው ምን እንደሚሆን አሳየን። በዚያው እትም ማስታወቂያዎቹ እንደ ወትሮው ታትመው እንደነበር አልጠራጠርም።

እኔ የማውቀው ቆላ አውሮፕላኑ ያልመጣበት ነው።

ለማያውቁት በአጭሩ ልንገራቸው። ከሁመራ ጀምሮ በመተማና በቋራ በኩል የሚወርደው ሜዳ ጥቁር ዋልካ መሬት ነው፤ ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ያበቅላል። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ፍሬው ሲደርስ ከረጢቱ ይከፈትና ያፈሳል፤ ስለዚህ በጥቂት ቀናት ውስጥ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ነዶው በሂላ ቆሞ እንዲደርቅ መደረግ አለበት። ይህን የሚያደርግ ማሽን አልነበረም፤ ሰው ነው። ሐምሌና ነሐሴ ለአረም፣ መስከረምና ጥቅምት ለአጨዳ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ደገኛ ለዓመታት ወደዚህ ቆላ ሲወርድ ኖሯል። በአካባቢው አጠራር «ሳሉግ» ይሉታል። ኮንጎ ጫማ ተጫምቶ፣ አንድ ፎጣና አንድ ማጭድ ይዞ ይመጣል። የሚተኛው በማሳው ዳር፣ ከግራር ሥር፣ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ነው። ቀኑ ስለሚያቃጥል ብዙውን ሥራ በሌሊት ይሠራል።

ያ ዋልካ በበጋ ሲሰነጠቅ በስንጥቁ ውስጥ የአሸዋ ዝንብ ይኖራል። ከወባ ትንኝ ያነሰ ነው፤ ድምፅ የለውም፤ የሚነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ካላዛርን የሚያስተላልፈው እርሱ ነው። ንድፊያው አይታወቅም፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ግን ትኩሳቱ ይጀምርና አይለቅም፤ ጣፊያው ያብጣል፤ ሰውየው እየከሳ ሆዱ ብቻ ይቀራል። ካልታከመ መጨረሻው ሞት ነው። ኤችአይቪ ከተጨመረበት መድኃኒቱም በቀላሉ አያሸንፈውም። ሕክምናው በየቀኑ ሁለት መርፌ ለ17 ቀናት ነው፤ ቀድሞ አንዱ መርፌ ብቻውን ለአንድ ወር ይሰጥ ነበር። እኔ በዚያ ቆላ በአንድ ጤና ጣቢያ በላቦራቶሪ ሙያ ሳገለግል የእነዚህን ልጆች ደም መርምሬያለሁ። የቆርቆሮ ሆዱን ሰው ሽፋን ባየሁ ቁጥር ሌላ ሆድ ትዝ የሚለኝ ከዚያ የተነሳ ነው።

አንድ ቀን ከእነዚሁ መጽሔቶች አንዱ በጠረጴዛዬ ላይ ነበር። አንድ ሞተረኛ ገንዳ ውኃ ሆቴል ትቶት ሄዶ፣ የሆቴሏ ባለቤት «አንተ ፊደሉን ታውቃለህ» ብላ የሰጠችኝ ነው። ከደቡብ ጎንደር የመጣ፣ ዕድሜው ሃያን ያልዘለለ ሠራተኛ ውጤቱን ሲጠብቅ መጽሔቱን አንስቶ ማየት ጀመረ። ቆንጆዎቹን በፍጥነት አለፋቸው፤ ምናልባት እኔን አፍሮ ይሆናል። ወንዝ በሚያቋርጠው ሰው ሥዕል ላይ ግን ቆመ።

«ዶክተር» አለኝ (በዚያ አገር ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው)፤ «ይኼ ሰውዬ ተሻግሮ ምን ሊያመጣ ነው?»

«ምንም አያመጣም። መሻገሩን ፈልጎት ነው።»

«ማን አዞት?»

«ማንም አላዘዘውም። ደስ ብሎት ነው።»

ጥቂት ዝም አለ። «ውኃው ቢወስደው መርዶው ለማን ይነገራል?»

መጽሔቱን ተቀብዬ ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር ተመለከትኩት። ስለ ታንኳው ክብደት ተጽፏል፤ ስለ መነጽሩ፣ ስለ ቢላዋው ብረት ተጽፏል። ስለ እናት፣ ስለ ሚስት፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ዕዳ አንድም ነገር የለም። የሚረዳው ቤት የለም፤ የሚረዳበት ሰውም የለም። ለካስ ያ ወጣት በአንዲት ጥያቄ የመጽሔቱን ምሥጢር ነካው። የመጽሔቱ ጀግና መርዶ የሌለው ሰው ነው። ቢሞት የሚነገርለት ስለሌለ በድፍረት ይሞታል፤ እንዲያውም ስለዚህ ነው የማይሞተው። የእኛ ልጅ ግን ሲወርድ የአባቱን የማዳበሪያ ዕዳ ይዞ ነው የሚወርደው፤ የእኅቱን ደብተር ይዞ ነው የሚወርደው። ከእርሱ ጋር ወደ ቆላ የሚወርድ ቤት ሙሉ ሰው አለ።

ይህን ስል የራሳችንን ወንድነት አጥቤ ላቀርብ አይደለም። እኛም ፉከራና ሽለላ አለን። አንበሳ የገደለ ጎፈሩን የሚደፋበት፣ ዝሆን የገደለ ስሙ የሚለወጥበት ዘመን ነበረን፤ ዝሆኑም አለቀ። ቋራ የካሣን ሽፍትነት፣ መተማ የዐፄ ዮሐንስን አንገት ትዘክራለች። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በዚያ ሜዳ ከወደቀው ሕዝብ ግን የስንቱን ስም ነው የምንጠራው? ደላላው ደግሞ ይህን ሁሉ አሳምሮ ያውቃል። አንዱን ለጋ ልጅ ወደ ሊቢያ ሲያግባባው ካርታ አያወጣለትም፤ «ወንድ አይደለህም እንዴ?» ነው የሚለው። የአትላስ ማስታወቂያ ማለት ይኸው ነው፤ አሸዋው ብቻ እውነተኛ ሆነ።

ስለ አንበሳ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ በቋራ በ1998 ዓ.ም. ተከለለ። በ2008 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ካሜራ ተክለው የአንበሳ ፎቶግራፍ አነሱ፤ በአላጥሽና በሱዳኑ ዲንደር ከ100 እስከ 200 አንበሶች ሳይኖሩ እንደማይቀሩም ገመቱ። ሥራው የተመሰገነ ነው። የውጭ ጋዜጦች ግን «የጠፉት አንበሶች ተገኙ» ብለው አወጡት። ለማን ነው የጠፉት? ለቋራ ከብት ጠባቂና ለጉሙዙ አዳኝ አንበሳው ጠፍቶም አያውቅም፤ ጥጃው ነው የሚጠፋው።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ወዳጄ የአማርኛ የወንዶች መጽሔት ሊጀምር ተነስቷል። ፋሽን፣ ስፖርት፣ ጉዞ፣ «ጤናማ ወንድነት» እንደሚኖረው ነገረኝ፤ «አንተ ቆላውን ታውቃለህና የመተማ ጀብዱ ጻፍልኝ» አለኝ። ከላይ ያለውን ቅሬታዬን በስልክ ስዘረዝርለት ያመጣው ክርክር ቀላል አልነበረም። «እናንተ ስለ ቆላ ስትጽፉ በሽታና ስደት ብቻ ነው፤ ለመሆኑ ድሀ ሕልም አያስፈልገውም? ያ ሠራተኛ ራሱ ሲወርድ እየዘፈነ አይደለም የሚወርደው?»

እውነት አለው። እየዘፈነ ነው የሚወርደው። የመጀመሪያ ክፍያውን የተቀበለ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በገንዳ ውኃ ገበያ ጃኬት ሲለካ ያየ ሰው፣ በዚያ ፊት ላይ ያለውን ኩራት ምስኪንነት ብሎ ሊጽፈው አይችልም። ከዕብ ጋር ያደረ፣ የጓንግን ወንዝ በክረምት የተሻገረ ሰው አገሩ ሲመለስ ሦስት ሌሊት ያወራል፤ ሊያወራም ይገባዋል። ራስን ለመፈተን መሻት በማስታወቂያ የተፈጠረ ፍላጎት አይደለም። እኔ ጀብዱን አልጠላሁም። የጠላሁት ሰውየውን ከቤቱ ቆርጠው፣ ሥዕሉን ብቻ ለጥፈው፣ ይህ ነው ወንድ የሚሉትን ነው። መፈተንን ከዕዳው ለይቶ መሸጥ ይቻላል፤ የሚገዛው ግን መመለሻ ያለው ብቻ ነው። ሕልሙን ያለ መመለሻ የገዛውን በሰሀራ አሸዋ ላይ አይተነዋል።

እንዲህም ሆኖ ወዳጄን እንቢ አላልኩትም። ሦስት ርዕስ ላክሁለት።

አንደኛው፣ በማሳ ዳር እንዴት እንደሚታደር የሚል ነው። አጎበር ያለ ግድግዳ እንዴት እንደሚወጠር፣ ከግራሩና ከተሰነጠቀው መሬት ምን ያህል መራቅ እንደሚሻል፣ ሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት ወባ ብቻ ነው ብሎ መቀመጥ ለምን እንደማይገባ። መሣሪያና ብልሃት የሚል ዓምድ ስላለው ከቢላዋው ቦታ ቢያስገባው ብዬ ነው።

ሁለተኛው በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በአዲስ ዘመን ዙሪያ የሆነው ነው። ካላዛር የማይታወቅበት ደጋ ነበር። ሰዉ በትኩሳት ሲረግፍ መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መሰላቸው፤ ኋላ ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ወደ ሁመራና መተማ ወርደው የተመለሱ ሠራተኞች በደማቸው ይዘውት እንደመጡ ነው የታመነው። ቆላን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ እናቶችና ሕፃናት በዚያ ሞቱ።

ሦስተኛው ስለ መርዶ አድራሹ ነው። አንድ ሠራተኛ በማሳ ሲሞት ጓደኞቹ እዚያው ይቀብሩታል፤ የቀረውን ክፍያ ከአሠሪው ተከራክረው ይቀበላሉ፤ ጃኬቱን፣ ፎጣውን፣ ስልኩን ይቋጥራሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ሥራውን ትቶ ወደ ሟቹ አገር ይወጣል። መንገዱ ከዋልካው እስከ ደጋው ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል። በመንገድ ላይ ገንዘቡን አይነካም፤ ቢርበው ከራሱ ይበላል። መንደሩ ሲቃረብ ቀጥታ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ አንድ የታወቀ ሽማግሌ ይፈልጋል፤ ሌሊቱ እስኪነጋጋ ጎረቤት ቤት ተደብቆ ይቆያል፤ ምን እንደሚልም በልቡ ይደጋግማል። ይህን ያደረጉ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ፤ ከሁለቱ አንዱ ስለ ጉዳዩ ለማውራት የፈቀደልኝ ከስንት ልመና በኋላ ነው።

ወዳጄ ሦስቱንም አንብቦ ደወለልኝ። ፎቶግራፍ ይኖራቸው እንደሆነ ጠየቀኝ።